ኮአርተሙን ያመጣው ወታደር ነው?

ባለፈው እትም ስለ ጦር በጀት አንዲት አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ሐሳቧ ቀላል ነው። የዓለም አገሮች በ2024 ለጦር ያወጡት 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ለምርምር የሚውለው ገንዘብ ከሌላው የተሻለ ነገር ይዞ ይመለሳል ነው ያልነው። መልእክቱ ጎረፈ። የተገረመ አለ፣ የተናደደ አለ፣ "ደግሞ የመሣሪያ ደላላ ሆናችሁ?" ያለም አለ። አልሆንም። ብንሆን ኖሮ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ አንከራይም ነበር።

ከመጡት ውስጥ ሰባቱን መርጫለሁ። ዓ.ም. ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው ሁሉ የፈረንጅ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሂሳብ መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 60 ልጅ አለ፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ነው የሚካፈሉት። የጦር ምርምር ይጠቅማል ብላችሁ ስትጽፉ ትንሽ አታፍሩም? ጎመን በጤና ሲባል አልሰማችሁም?
— መምህሩ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ሰምተናል መምህር። እኔም ጎመን በጤና ባይ ነኝ። ግን የተምታታ ነገር አለ፣ ጥፋቱም የኛ ነው፣ በጣም አሳጥረን ስለጻፍነው።

የጦር በጀት ሲባል አንድ ከረጢት ይመስላል። ሲፈታ ግን ውስጡ ሦስት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው ደመወዝ፣ ስንቅና ነዳጅ ነው። ሌላው የሚገዛ መሣሪያ ነው። ከዚያ ምርምር አለ፣ ብዙ ጊዜ ትንሹ እሱ ነው። ጥይት ተገዝቶ መጋዘን ከገባ ወይ ይተኮሳል ወይ ይዝጋል፤ ሁለቱም ዳቦ አይሆኑም። ምርምር ላይ ግን የሚተርፍ ሰው አለ። ቀኑን ሙሉ አንድ ችግር ሲፈታ የዋለ መሐንዲስ፣ ችግሩ የጦር ቢሆንም እንኳ፣ ማታ ጭንቅላቱን መጋዘን ቆልፎበት አይሄድም።

አሜሪካኖቹን እንይ። ሶቪየቶች በጥቅምት 1957 ስፑትኒክን ሲያመጥቁ ደነገጡና በ1958 አንድ ትንሽ የምርምር መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ ዛሬ ዳርፓ የሚባለው ነው። በጀቱ በዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለኛ የማይታሰብ ብር ነው፣ ለነሱ ግን ከመከላከያቸው በጀት ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ። የኢንተርኔት እርሾ የተጣለው እዚያ ነው። በሌላ በኩል ኤፍ-35 የሚባለውን ተዋጊ ጀት ውሰድ። ከግዢው እስከ ጥገናው በዕድሜ ዘመኑ ከ2 ትሪሊዮን ዶላር በላይ እንደሚፈጅ የራሳቸው ኦዲተሮች በ2024 ጽፈዋል። ሁለቱም በወረቀት ላይ "የጦር ወጪ" ነው የሚባሉት። አንድ ላይ መመዘን ግን በርበሬና ብረት በአንድ ሚዛን ላይ መጫን ነው።

ኢኮኖሚስቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መንግሥት ለጦር ምርምር ብር ሲያፈስ የግሉ ኩባንያ "እሱ ካወጣማ እኔ ለምን?" ብሎ እጁን ይሰበስባል ወይስ ይከተላል? በበለጸጉት አገሮች ላይ ተሠርቶ በ2019 የወጣ ጥናት ይከተላል ነው የሚለው። የመንግሥቱ የምርምር ገንዘብ በ10 በመቶ ሲጨምር የግሉም በ5 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ልብ በል፣ ይሄ ፋብሪካውም ዩኒቨርሲቲውም ባላቸው አገሮች ላይ ነው። እኛ ጋ ያው ይሆናል ብሎ መማል አይቻልም።

ጃፓንን አንስተህ ብትሟገተኝ ደግሞ እቸገራለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ለጦር ያወጡት ለረጅም ጊዜ ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶ አካባቢ ነው፣ እንዲያም ሆኖ ዓለምን በመኪናና በካሜራ አጥለቀለቁ። ግን እዚህ ውስጥ አንድ የምወደው ነገር አለ። በ1964 ሥራ የጀመረው ፈጣኑ ባቡራቸው ሲሠራ፣ አካሉን ከቀረጹትና ንዝረቱን ካጠኑት መሐንዲሶች መካከል በጦርነቱ ጊዜ ለባሕር ኃይሉ አውሮፕላን ሲሠሩ የነበሩ ነበሩበት። አገሪቱ ተሸነፈች፣ አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፣ ሰዎቹ ቀሩ።

ያንተን ክፍል በተመለከተ ግን አልከራከርህም። መጽሐፍና ራዳር አንዱን ምረጥ ከተባለ መጽሐፉ ይቅደም። ሂሳብ ያልተማረ ልጅ ራዳር አይሠራም።

ጥያቄ፦ ራይድ ነው የምሠራው። ለገሃር የጫንኩት ሰውዬ "ይሄ ስልክህ ላይ የሚመራህ የአሜሪካ ወታደር ነው" አለኝ። ቀልዶብኝ ነው? እውነት ከሆነስ ለምን በነፃ ይሰጡናል? ሲናደዱብን ያጠፉታል?
— ሾፌሩ

መልስ፦ አልቀለደብህም ወንድሜ። ካርታው የሌላ ነው፤ የት እንዳለህ የሚነግርህ ጂፒኤስ ግን የነሱ ነው። መከላከያቸው በ1973 ጀመረው፣ የመጀመሪያዋን ሳተላይት በ1978 አመጠቀ፣ በ1995 ሙሉ አገልግሎት ላይ ዋለ። የታሰበው ለመርከብ፣ ለቦምብና በረሃ ላይ ለጠፋ ወታደር ነበር። ዛሬም የሚያንቀሳቅሰው የጠፈር ኃይላቸው ነው።

ነፃ የሆነበት አንዱ ምክንያት አሠራሩ ነው። ስልክህ ወደ ሳተላይቶቹ ምንም አይልክም። ከላይ የሚመጣውን የሰዓት ምልክት ብቻ ይሰማል፤ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት መቼ እንደደረሰው እያስተያየ ቦታህን ያሰላል። እንደ ጊዮርጊስ ደወል በለው። አንድ ሰው ቢሰማው ሺህ ሰው ቢሰማው ለደዋዩ ድካሙ ያው ነው።

ሌላው ምክንያት ደም ነው። መስከረም 1 ቀን 1983 አንድ የኮሪያ መንገደኛ አውሮፕላን መስመሩን ስቶ ሶቪየት ሰማይ ውስጥ ገባና በሚሳኤል ተመታ። 269 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪሎችም ክፍት ይሆናል ያለው። ክፍት ሲሆንም መጀመሪያ ላይ ሆን ብለው አደብዝዘው ነው የሰጡት፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያሳስት ነበር። 100 ሜትር ፒያሳ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ደንበኛዋ "ደርሷል ይለኛል እኮ፣ የታለህ?" ስትል አንተ ከሕንፃው ጀርባ ሌላ መንገድ ላይ ነህ። ድብዘዛው የተነሳው በግንቦት 2000 ነው።

ትርፉን በተመለከተ፣ በ2019 እዚያው አሜሪካ የወጣ ጥናት ጂፒኤስ ለሲቪል ክፍት ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ለኢኮኖሚያቸው 1.4 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ አስገኝቷል ይላል። የሚገርመው የተቆጠረው የነሱ ብቻ ነው። አንተ ከለገሃር ቦሌ ያገኘሃት የለችበትም።

ያጠፉታል ወይ ላልከው፣ አንድ አካባቢ ላይ ምልክቱን ማወክ ይችላሉ። ራሺያ ግሎናስን፣ አውሮፓ ጋሊሊዮን፣ ቻይና በ2020 ያጠናቀቀችውን ቤይዱን የሠሩት ለዚሁ ነው፤ ደወሉ በሰው እጅ ሲሆን እንቅልፍ አይወስድም። ስልክህ አዲስ ከሆነ ከነዚህ ከብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ነው የሚሰማው። ስለዚህ አትስጋ። ደንበኛ ፒን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ግን ማንም ጦር አላስተካከለውም።

ጥያቄ፦ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ጦር ይገድላል፣ በቃ። ያዳነውን ነገር ንገሩኝ እስቲ። አንድ ብቻ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከኋላሽ መደርደሪያው ላይ አለ። ኮአርተም።

እኔ አርባ ምንጭ ለሥራ ሄጄ ወባ ይዞኝ ያውቃል። 24 ቢጫ ኪኒን፣ አራት አራቱን፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ቀን። የሰጠችኝ ልጅ "ወተት ወይም ቅባት ያለው ነገር ብላበት" ስትለኝ ማልቀስ ነበር የቀረኝ፣ ወባ የያዘው ሰው ቅባት ሲሸተው ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ። በሦስተኛው ቀን ግን ቆሜ ሻይ ጠጣሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ቬትናም ጫካ ውስጥ ነው። የሰሜን ቬትናም ወታደር ከጥይት ባልተናነሰ በወባ ያልቅ ነበር፣ የጊዜው የወባ መድኃኒት ክሎሮኪንም እምቢ ማለት ጀምሯል። ቻይናን እርዱን አሉ። ቻይና ግንቦት 23 ቀን 1967 አንድ ምስጢራዊ ወታደራዊ ፕሮጀክት ከፈተች፤ ስሙም ከቀኑ የመጣ ነው፣ ፕሮጀክት 523። በመቶ የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ተሰማሩ። ቱ ዩዩ የምትባል ሴት በ1969 ገባችበትና የድሮ የመድኃኒት መጻሕፍትን ማገላበጥ ያዘች። ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ስለ አንድ ቅጠል ያወራል፤ የኛ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። መጽሐፉ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ ይላል እንጂ አፍላው አይልም። እሷ እዚህች ላይ ቆመች። ሙቀቱ ይሆን እንዴ መድኃኒቱን የሚገድለው? በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው። በጥቅምት 1971 ናሙና ቁጥር 191 በአይጦች ላይ መቶ በመቶ ሠራ። ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ራሷ ቀመሰችው። በ2015 ኖቤል ተሸለመች።

ይሄ የኪኒኑ አንድ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሉሜፋንትሪን፣ እሱም የተገኘው በዚያው ፕሮጀክት በቻይና የወታደራዊ ሕክምና ሳይንስ አካዳሚ ነው። እና ኮአርተም ከላይ እስከ ታች ከጦር ቤት የወጣ መድኃኒት ነው። እኛ ጋ በፋንሲዳር ቦታ ዋናው የወባ መድኃኒት የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው።

ዓመቶቹን እያቸው። 1971 ላይ የተገኘ ነገር ቆላ ላለች እናት የደረሰው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፣ አንዱ ግን ምስጢርነቱ ነው። ውጤቱ መጀመሪያ በ1977 ሲታተም እንኳ የተመራማሪዎቹ ስም አልነበረበትም። የጦር ምርምር ከውጭ የሚቆለፍ በር አለው፤ ቁልፉን የያዘው ሰው እስኪከፍተው በመሐል የሚሞት ይሞታል።

ሌላውን ጎንም ልደብቅሽ አልችልም። በዚያው ጦርነት፣ ከወዲያኛው ወገን፣ ኤጀንት ኦሬንጅ የሚባል ኬሚካል ጫካ ለማርገፍ ከሰማይ ተረጭቷል፣ መዘዙ እስከ ልጅ ልጅ ደርሷል። እሱም የምርምር ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ካፌ አለኝ። ማይክሮዌቭ የጦር መሣሪያ ነበር የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ መሣሪያ አልነበረም፣ የራዳር ልብ ነበር። ማግኔትሮን ይባላል። እንግሊዞች በጣም የተሻለውን ዓይነት ሠርተው በ1940 ለአሜሪካኖች ሰጡ፣ የጀርመንን አውሮፕላንና መርከብ ለማየት። በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል የሬይቴዎን ኩባንያ መሐንዲስ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ቀለጠበት። ቀጥሎ የበቆሎ ፍሬ አመጣ፣ ፈነዳ። በ1947 ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ካፌሽ ውስጥ ቢገባ ወንበር የሚተርፍሽ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ አምስት ኪሎ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ኢንተርኔትም ጂፒኤስም ያለ ጦር አይፈጠሩም ነበር ማለት ነው? ያው ብር ለሲቪል ዩኒቨርሲቲ ቢሰጥ የተሻለ አይሠራም? ጓደኞቼ ጋ ተጨቃጭቀናል፣ በምሳ ተወራርደናል።

መልስ፦ ምሳውን ማን እንደሚከፍል አላውቅም፣ ለሁለታችሁም የሚሆን ነገር አለኝ።

ላንተ ወገን ልጀምር። ጥቅምት 29 ቀን 1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች የኢንተርኔት መነሻ በሆነው አርፓኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። "ሎጊን" (login) ብሎ ለመላክ ነበር ሐሳቡ። ሁለት ፊደል ሄደና ሲስተሙ ወደቀ። (እኛ አገር ኔትወርክ ሲሄድ የምንሳደበውን ሳስብ፣ ከጅምሩም እንዲህ ነበር ለካ እላለሁ።) ብሩ የጦር ነው፣ ሠሪዎቹ ግን ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፣ ዓላማውም ብዙ ጊዜ እንደሚወራው ከኒውክሌር ቦምብ ለመትረፍ ሳይሆን ውድ ኮምፒውተሮችን ከሩቅ ሆኖ ለመጋራት ነበር። ዛሬ የምትከፍተው ድረ ገጽ ደግሞ በ1989 የመጣው ስዊዘርላንድ ካለ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነው፣ ጦር የለበትም። እና አዎ፣ ሲቪሉም ይችላል።

አሁን ለጓደኞችህ። ጦር አንድ ነገር አለው፣ ሌላው ደንበኛ የሌለው። ውድና ገና ያልበሰለ ዕቃ ይገዛል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኮምፒውተር ቺፕ ሲወጣ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ገዢዎቹ ሚኒትማን የተባለው ሚሳኤልና የአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ነበሩ። እነሱ በብዛት ሲገዙ ፋብሪካዎቹ አሠራሩን ተማሩ፣ ዋጋው ወረደ፣ ከዚያ ነው ሬዲዮና ካልኩሌተር ውስጥ የገባው። ነጋዴ እንዲህ አይታገስም። የኛማ ነጋዴ ዛሬ ጭኖ ነገ ካልሸጠ አያርፍም።

ውድቀትንም ይታገሳል። በመጋቢት 2004 ዳርፓ ሾፌር የሌለው መኪና በረሃ አቋርጦ ይምጣ ብሎ አንድ ሚሊዮን ዶላር አስያዘ። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ስንቱ ደረሰ? አንድም። የሻለው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ግምገማ ተጠርቶ፣ ሰው ተነስቶ፣ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ነበር። እነሱ ሽልማቱን ወደ ሁለት ሚሊዮን አሳደጉ። በዓመቱ አምስት መኪናዎች ደረሱ። ከዚያ ውድድር የወጡት ልጆች ናቸው ዛሬ ሾፌር አልባ መኪና የሚሠሩ ኩባንያዎችን የመሠረቱትና የሞሉት።

ግን ብር ስላለ ብቻ አይሆንም፣ ይቺን ስማኝ። ፒዮትር ኡፊምሴቭ የሚባል ሶቪየታዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የራዳር ሞገድ ከጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚበተን የሚያሰላበት ሥራ በ1962 ሞስኮ ላይ ታተመ። የገዛ አገሩ ጦር ጉዳዬ ብሎ አላየውም፣ እንዲታተም የተፈቀደውም ለዚህ ነው። አሜሪካኖች በ1971 ተረጎሙት፤ ሎክሂድ የሚባለው አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ውስጥ ያለ አንድ የሂሳብ ሰው አነበበውና "ራዳር የማያየው አውሮፕላን በዚህ ይሰላል" አለ። ኤፍ-117 ከዚያ መጣ። ሶቪየት ኅብረት ለጦር ምርምር ያወጣው ብር ተራራ ነው፤ ሕዝቡ ግን ጫማ ለመግዛት ይሰለፍ ነበር። የሚሳኤሉ መሐንዲስና የጫማ ፋብሪካው መሐንዲስ አይተዋወቁም፣ እንዲተዋወቁም አይፈቀድም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን ሰውየው ጠዋት ለጦሩ ሠርቶ፣ ሲሰለቸው ለቆ፣ ጋራዥ ውስጥ የራሱን ኩባንያ መክፈት ይችላል።

ስለዚህ ውርርዱ "ጦር ወይስ ሲቪል" መሆን አልነበረበትም። ሰውየው መውጣት ይችላል ወይ ነው። ምሳውን እኩል ክፈሉ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ደብረ ዘይት አየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነበርኩ፣ አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ከልጄ ጋር ነኝ። በ1969 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ ሲሄዱ የኤፍ-5 መለዋወጫ ቆመ። አንዱን ፈትተን ሌላውን እናስነሳ ነበር። እስከ መቼ ነው የሰው እጅ የምናየው? ራሳችን ለምን አንሠራም?

መልስ፦ አባባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ከረሙ? የእርስዎን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የጦር ምርምር ለደኅንነት ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ከእርስዎ የተሻለ ማስረጃ የለም። ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ "ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም" አሉ። እኩል ይመስላል። ጣሊያን ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፣ የተከለከልነው እኛ ብቻ ነን። በ1969 ዓ.ም. እርስዎ ነበሩ። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት በእኛና በኤርትራ ላይ ለአንድ ዓመት ማዕቀብ ጣለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ።

ይህ የደረሰበት ሁሉ ግን ዝም አላለም። ቱርክ በ1974 ቆጵሮስ ስትገባ አሜሪካ መሣሪያ ከለከለቻት፤ በ1975 አሴልሳን የሚባል የጦር ኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ አቋቋመች፣ የጀመሩት በሬዲዮ መገናኛ ነው። ደቡብ ኮሪያ በ1970 የመከላከያ ምርምር ተቋም ከፈተች፤ ዛሬ ሁለቱም ላኪ አገሮች ናቸው። ልብ ይበሉ ግን፣ ይሄ የሃምሳ ዓመት ሥራ ነው። ኮሪያ ደግሞ በአንድ እጇ መድፍ በሌላው መርከብና መኪና ስትሠራ ነው የኖረችው፤ ብረት አቅላጩ አንድ ነው።

እኛስ? ሞክረናል። ከወታደራዊ ፋብሪካዎች ተሰባስቦ በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው ሜቴክ ከአውቶቡስ እስከ ስኳር ፋብሪካ፣ ከዚያም እስከ ሕዳሴ ግድብ ተርባይን ድረስ ተሰጠው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ከእጁ ተወሰደ፣ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የኔ አስተያየት ይሄ ነው፤ እሱ ጋ የሄደው ብር የምርምር ብር አልነበረም። የኮንትራት ብር ነበር። ተወዳዳሪ የለም፣ ውጭ ያለ ሰው ገብቶ የሚያየው የለም፣ ሳይለምዱት ትልቁን መጫን ነው። ዳዴ ያላለ ልጅ አይሮጥም።

እርስዎ "አንዱን ፈትተን ሌላውን እናስነሳ ነበር" ያሉትን ግን እንደ ቀላል አይዩት። ምርምር የሚባለው ነገር የሚጀምረው እዚያ ነው። አየር መንገዳችን በ1946 ሥራ ሲጀምር የነበሩት አውሮፕላኖች ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ሲ-47ዎች ናቸው፣ ተሳፋሪው ልክ እንደ ወታደር በጎንና በጎን ባለ አግዳሚ ላይ ትይዩ እየተያየ ነበር የሚበረው። ጥገናውን ቀስ እያሉ ተማሩ። ዛሬ ቦሌ ያለው የጥገና ማዕከል የሌሎች አገሮችን አውሮፕላን ይፈታል፣ ይገጥማል። ማንም ያላስተዋለው፣ ከጦር ትርፍራፊ የተነሳ ኢንዱስትሪ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ የእርስዎን ጥያቄ እንዲህ ልመልስ። መሥራት አለብን፣ ግን ከተዋጊ ጀት አንጀምርም። ከሬዲዮ፣ ከመለዋወጫ፣ ከሶፍትዌር፣ ከወታደር ሕክምና። እና የእርስዎ ዓይነት ሰው ጡረታ ሲወጣ እጁ ላይ ያለው ዕውቀት አብሮት ቤት እንዳይገባ፣ አምስት ኪሎ ወስዶ ከዚያ ከምሳው ልጅ ጋር የሚያገናኘው ሰው ያስፈልጋል። ፈቃደኛ ከሆኑ ይጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። ቀልዴን አይደለም።

ጥያቄ፦ ከቢሯችሁ ወረድ ሲባል ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለችው መድፍ ዋናዋ ናት?

መልስ፦ አይደለችም፣ አምሳያዋ ናት። ዋናዋ ሴባስቶፖል ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ "መድፍ ሥሩልኝ" ብለው በያዟቸው ሚስዮናውያንና በአገሬው ሠራተኞች ተቀልጣ ወጣች። ሚስዮናውያኑ መጽሐፍ ቅዱስ ሊያስተምሩ እንጂ ብረት ሊያቀልጡ አልመጡም ነበር። ክብደቷ ሰባት ቶን ገደማ ነው። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ፣ መንገዱ እየተቆፈረ፣ ሰው እየጎተታት፣ ወራት ፈጀ። ከዚያ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መጣ። ጋፋት ላይ የነበረው እቶን ከንጉሡ በኋላ ሌላ መድፍ አላወጣም፤ ፈረንጆቹ ወደ አገራቸው ሄዱ፣ አብረዋቸው ወናፍ ሲነፉ የነበሩት ሰዎች ምን እንደሠሩ የጻፈ የለም።

እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን ዘውድና መጽሐፍ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ወረዱ። ሴባስቶፖልን ትተዋት ሄዱ። እስካሁን እዚያው ተራራው ላይ ናት።